አራተኛ ጎደለን

ድንኳኑን ስንተክል፣ በማለዳ፣ ከመናፈሻው መሐል፣
አላፊ አግዳሚው ቆሞ «ማን ሞተ?» ይለናል።
«ማንም» እንላለን፣ ገመዱን እየሳብን፤
«ዘንድሮ ቀደምን፤ ሰው ሳይሞት ተከልን።»

አምና ነው ነገሩ፤ በነሐሴ ፀሐይ፣
ኤርሞሲዮ ያለ እሳት ስትነድ ሶኖራ በረሃ ላይ፣
አስፋልቱ ላልቶ ጫማ ሲነክስ፣
ወፍ ከሽቦ ወርዳ ጥላ ስታስስ፣
ዶኛ ኦፌልያ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ብቻዋን፤
በሦስተኛው ቀን ነው ያንኳኳነው በሯን።
ሌባ ፈርታ ኖሯል መስኮት የዘጋችው፤
ሌባውስ ገብቷል፤ በጣራ ነው የመጣው።
ቬንትሌተሩ ግን፣ እኛ እስክንደርስ፣
ይዞር ነበር፣ ያንኑ ትኩስ አየር ሲያመላልስ።

ያኔ ድንኳን ጣልን፤ ወንበር ደረደርን፤
ለለቀስተኛው ሁሉ ውሃ በበረዶ ቀዳን።
እኔ ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ አፈርኩ፤
«ይህ አንድ ብርጭቆ ሦስት ቀን ቢቀድም» ብዬ አሰብኩ።

ዘንድሮ ያንኑ ድንኳን ከመጋዘን አወጣን።
ማዘጋጃ ቤቱ ቅጽ ሙሉ አለን፦
«የዝግጅቱ ዓይነት? ሠርግ? ልደት? ለቅሶ?»
«መቀዝቀዝ» የሚል የለም። ናሳርዮ እርሳሱን ነክሶ፣ ነክሶ፣
«ልደት» ብሎ ሞላ። «የማን?» ብትለው ጸሐፊዋ፣
«ገና አላወቅንም» አላት። ሳቀች፤ አረፈ ማኅተሟ።

ናሳርዮ ዕድሜውን ፍሪጅ ሲጠግን ፈጀ፤
ከወዳደቀ ቆርቆሮ ማቀዝቀዣ አበጀ፦
እርጥብ ገለባ፣ ፓምፕ፣ የአሮጌ አውቶቡስ ሞተር፤
ሲነሳ ያስነጥሰዋል፣ ቆይቶ ይተነፍሳል ደህና አየር።

የመጀመሪያው ቀን ማንም አልመጣ።
ጨውና ስኳር በጠበጥን፤ አጣጠፍን እርጥብ ፎጣ፤
ሰው በአጥሩ ጥግ አየት አድርጎን አለፈ፣
«ለቸገረው ነው» እያለ፣ ላቡን ትቶ ኩራቱን አቀፈ።
በቀትር ውሻ ገባ። ባለ አንድ ጆሮ፣ ቀይ።
ሳያፍር ተዘረጋ ማራገቢያው ፊት፣ ሆዱን ወደ ላይ።
ውሻውን ፍለጋ ልጅ መጣች፤ ልጅቷን ፍለጋ እናቷ፤
እናቷን ልትቆጣ አማቷ፤
አማቲቱ ተቀመጠች።
ጫማዋን አወለቀች።
ከዚያ በኋላ ወንበር አነሰን።

ዶን ኤሌውቴርዮ ብቻ፣ የሰማንያ አንድ ዓመት ሽማግሌ፣
ከመንገዱ ማዶ፣ በረንዳው ላይ፣ እስከ አንገቱ ቆልፎ፦
«እኔ የበረሃ ልጅ ነኝ! ሰው እንደ ዓሣ
በረዶ ላይ የሚተኛው ከመቼ ወዲህ ነው?»
ቴርሞሜትሩ አርባ ሰባት አለ።
«ዋሾ ነው» አለ እሱ።
ውሃ ብንወስድለት አበባውን አጠጣበት።
ከንፈሩ ግን ነጥቷል።
«ዋሾ» ለማለትም ምላሱ መተሳሰር ጀምሯል።

ናሳርዮ የዶሚኖውን ሣጥን ብብቱ ሥር አድርጎ
መንገዱን ተሻገረ፤ ስለ ሙቀት አንድ ቃል አላነሳ።
«ኤሌውቴርዮ፣ አራተኛ ጎደለን።»
(አምስት ነበርን። አምስተኛው፣
ማለት እኔ፣ ከበረዶው በርሜል ጀርባ አጎንብሼ ተደበቅሁ።)

አሰበ። ባርኔጣውን አነሳ።
«ለእናንተ ስል ነው።»
«ለእኛ ስትል» አልነው።

በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸነፈ፤ በንዴት ጠጣ።
በሁለተኛው አሸነፈ፤ በደስታ ጠጣ።
አንገቱ ላይ ፎጣ ሲያደርጉለት እጁ ካርታው ላይ ነበር፣ ዝም አለ።
በሦስተኛው የላይኛውን ቁልፍ ፈታ፤
ሌላም ፈታ።

ሲመሽ መዝገቡን አየሁ፤ አርባ ሦስት ስም ገብቷል።
«አወጣጥ» በሚለው ዓምድ ሥር
ከላይ እስከ ታች አንድ ቃል፦ በእግሩ፣ በእግሯ፣ በእግሩ።
ውሻውም ተመዝግቧል።

አሁን ደረጃ ለደረጃ የሚዞረው ኤሌውቴርዮ ነው፤
መስኮቱ የተዘጋበትን ፎቅ ከታች ይቆጥራል፣
ትንፋሹ እስኪመለስ ምርኩዙን ተደግፎ ይቆማል፣
ከዚያ ያንኳኳል፤ እስኪከፈት ያንኳኳል፦
«ኧረ እባካችሁ፣ አራተኛ ጎደለን!»

ትናንት ሰባ አንድ ሆነን ዋልን።
ዛሬም አራተኛ ይጎድለናል።